ደብዳቤ ለልጄ፦ ቀስ ብለው ስለሚሮጡት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው ስልክ ስንነጋገር «ጸሎቱ ከአፌ እንጂ ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ተውኩት» ያልሽኝ ቃል ከሐሳቤ አልወጣም፤ ያን ዕለት የረባ መልስ ስላልሰጠሁሽ መጻፍ መረጥኩ።

እንጦጦ ማርያም ኪዳን ለማስደረስ ማልጄ ስወጣ፣ በባሕር ዛፉ መካከል በጉም ውስጥ የሚሮጡ አትሌቶችን አያለሁ። በቴሌቪዥን የለመድነውን ፍጥነት ስለምጠብቅ መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ እኔ እንኳ ጥቂት ብሮጥ የምደርስባቸው እስኪመስለኝ ድረስ ቀስ ብለው ያልፋሉ። አንድ ቀን የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ያለውን ወጣት ብጠይቀው፣ ትናንት ፍጥነት ሠርተው ስለ ነበር የዛሬው ሰውነት ማፍታቻ መሆኑን፣ ይህንም ካልሮጡ የነገው ከባድ ልምምድ እንደማይሳካ ነገረኝ።

እኔ ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ፣ በአንድ ዐቢይ ጾም በየሌሊቱ መቶ መቶ ስግደት ብዬ ተነሥቼ በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቴን ይዤ አልቀመጥም ነበር። (እናትሽ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።)

መሠረት ደፋርን ታስታውሻለሽ። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ በ5,000 ሜትር ወርቅ አገኘች፤ በ2000 በቤጂንግ ሦስተኛ ሆና ገባች፤ በ2004 በለንደን በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ተፈትልካ ወርቁን መለሰች። ከዚያም የእመቤታችንን ሥዕል ከማልያዋ ውስጥ አውጥታ ፊቷ ላይ ይዛ ስታለቅስ ዓለም ሁሉ አየ፤ ሰውም የሚያወራው ስለዚያች ቅጽበት ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ፣ ያ ሥዕል ማንም ሳያየው አሥራ ሁለቱን ዙር ተኩል በላብ ርሶ ከደረቷ ጋር መሮጡ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሩጫ የጻፈው፣ በከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ውድድር ይደረግ ለነበረ ለቆሮንቶስ ሰዎች ነው፤ አሸናፊው የሚደፋው የቅጠል አክሊል ቶሎ እንደሚጠወልግ ያውቁ ነበር። ለዚያ አክሊል እንኳ ሯጩ በነገር ሁሉ ራሱን ይገዛል ይላቸዋል። «በነገር ሁሉ» ሲል እንቅልፍንም ይጨምራል ብዬ አምናለሁ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ስትነካኪ ቆይተሽ ጠዋት ለጸሎት ልቤ ደረቀ ብትዪ፣ ጥፋቱን ሁሉ በልብሽ ላይ አልጥልም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር እናትሽ የላከችልሽን ትንሽ የምስለ ፍቁር ወልዳ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሳለችበትን፣ ሥዕል ታገኛለሽ፤ ጠርዟ ተበልቶ ስለ ነበር ላሚኔት አስደርጌያታለሁ። ለዛሬ ማታ አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ይበቃል፤ ልብሽ ባይከተልም ድገሚው፣ ከዚያም ሳትቆዪ ተኚ።

አባትሽ