ርካሹን መቀስ ለምን አቆምን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ ዶክተሮች፣ ሲስተሮች፣ የግዢና የንብረት ክፍል ባልደረቦች፣

እንዴት ከረማችሁ? ሰሞኑን ስልካችን ያለ ዕረፍት ይጮኻል። ለትዕዛዝ ቢሆን ደስ ባለን ነበር። አብዛኛው ግን ወቀሳ ነው። ለእያንዳንዳችሁ በስልክ መልስ መስጠት ስላልቻልኩ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ጉዳዩን ታውቁታላችሁ። ለዓይን ቀዶ ሕክምና የሚሆኑ ጥቃቅን የእጅ መሣሪያዎችን እስካሁን በሁለት ደረጃ ስንሸጥ ኖረናል። ቫናስ የሚባለው ትንሽ ባለ ስፕሪንግ መቀስ፣ ባለ 0.12 ፎርሴፕስ (መቆንጠጫ)፣ ማይክሮ ኒድል ሆልደር (ትንሹ መርፌ መያዣ)፣ ሁሉም ርካሽና ውድ ነበራቸው። ከአዲሱ ዓመት ወዲህ ርካሹን አቁመናል። አሁን መደርደሪያችን ላይ ያለው ውዱ ብቻ ነው። የአንዳንዱ ዋጋ ከርካሹ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ልትወጡ ስትሉ "ዕቃው የለም" የተባላችሁ ተቸግራችኋል። ለዚያ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

አሁን ደግሞ እኔን ስሙኝ።

አንድ የቆየ ደንበኛችን ደውሎ "እናንተም ለሀብታም ብቻ ልትሸጡ ነው?" አለኝ። ስሙን አልጠራም፣ ሲያነበው ራሱን ያውቃል። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ይህን ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ስክራብ ነርስ ነበርኩ። የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የምዘረጋ፣ ለሐኪሙ የማቀብል፣ ማታ ደግሞ የማጥብ ሰው ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ የሚተኛውን ሰው አውቀዋለሁ። ከገጠር በልጁ እጅ ተመርቶ የመጣ አባት ነው። በአገራችን ዓይነ ስውርነት ላይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 እና 2006 አገር አቀፍ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ዓይናቸውን ካጡት ሰዎች ግማሽ ያህሉን የጋረደው ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚነሳ ነገር ነው። ስለዚህ የድሃው ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም። እንዲያውም ርካሹን ያቆምኩት በእሱ ምክንያት ነው።

ባለፈው የገባውን አንድ ካርቶን ልንገራችሁ። ከላይ ሲታይ ያምራል። እያንዳንዱ መቀስ በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ጫፉ የሲሊኮን ቆብ አለው፣ እጀታው ያብለጨልጫል። የሱቁ ሠራተኞች፣ ልጆቻችን፣ አንድ በአንድ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገቡት። የመጀመሪያው ሲዘጋ ጫፎቹ እኩል አይደርሱም፤ አንደኛው አጥሯል። ሁለተኛው ይገጥማል፣ ግን ስለቱ ላይ የሞረድ ጭረት አለ። የሦስተኛው ስፕሪንግ ጠጣር ነው፤ ለመዝጋት ጣት መጫን ይፈልጋል፣ ጣት ሲጫን ደግሞ ጫፉ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ወደ ሶፍት ፈተናችን አለፍን። ሶፍት እናረጥብና በመቀሱ ጫፍ ብቻ እንቆርጣለን። ደህናው ሳያንገራግር ያልፋል፣ የተቆረጠውም ጠርዝ ንጹሕ ነው። ብልሹው ሶፍቱን ይጎትተዋል፣ ያኝከዋል።

ሶፍት ከታኘከ ወደ ቅርጫት ነው። ቫናስ መቀስ የሚቆርጠው ግን አይሪስን፣ የዓይኑን ባለ ቀለም ክፍል ነው፣ የዓይኑን ሌንስ ከረጢት ነው። እዚያ ላይ የታኘከ ነገር አይመለስም።

ፎርሴፕሱም ያው ነው። ጥርሱ 0.12 ሚሊ ሜትር ነው ስንል ለማስታወቂያ አይደለም። የምትሰፉበት 10-0 የሚባለው የናይለን ክር ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ያን ክር የሚይዝ ጫፍ ትንሽ ከተንሸዋረረ ክሩ ያመልጣል ወይም ይበጠሳል። አንዳንዱ ርካሽ ፎርሴፕስ ደግሞ ማግኔት ይሆናል። መርፌው ጫፉ ላይ ተለጥፎ አልለቅም ሲል ቀዶ ሐኪሙ ምን እንደሚል የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እዚህ አልጽፈውም።

"ታዲያ ድሮስ ትሸጡት አልነበር?" ትሉ ይሆናል። እንሸጥ ነበር። ድሮ ግን ርካሹ እንዲህ አልነበረም። ከካርቶኑ ጥቂቱ ይወድቃል፣ ጥቂቱን ራሳችን አቃንተን እናስተካክላለን፣ የቀረው ደህና ሆኖ ለዓመታት ያገለግላል። ነገሩ የተገለበጠው ከምንዛሪው በኋላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፣ ከዚያም አልቆመም። እኛ ደግሞ የምንገዛው በዶላር፣ የምንሸጠው በብር ነው። ውስጡ የካርጎ አለ፣ የቀረጥ አለ፣ የትራንዚተር አለ። ርካሹን የሚልክልን ሰው "ዋጋውን ባለበት አቆይልን" ስንለው አቆየልን። የቀነሰው ከሥራው ነው። ስለት የሚያጠራውን እጅ ቀነሰ፣ የሚፈትሸውን ዓይን ቀነሰ። አሁን ከካርቶኑ ግማሹን መጣል ግድ ሆኖብናል። የተጣለውን ዋጋ የተረፈው ላይ ብንጭነው ርካሹ ርካሽ መሆኑ ይቀራል። ካልጣልነው ደግሞ እናንተ እጅ ይገባል። ሦስተኛ መንገድ ቢኖር እኔም በወደድኩ።

ሌላው የሰማሁት "የጀርመን ዕቃ ካልሆነ አንሸጥም አሉ" የሚል ነው። ውሸት ነው። የዓለም የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ሲነሳ ሁለት ከተሞች ይጠራሉ፤ የጀርመኗ ቱትሊንገንና የፓኪስታኗ ሲያልኮት። እኛ ዛሬም ከሲያልኮት እንገዛለን። ሲያልኮት እግር ኳስም ትሠራለች፣ ቀዶ ሕክምና መሣሪያም ትሠራለች፣ በሁለቱም ታዋቂ ናት። አንድ ሰፈር ውስጥ እጅ የሚያስቆረጥም ሥራም፣ የሚያሳፍር ሥራም ይወጣል። ልዩነቱ ያለው ገዢው ለፍተሻ ምን ያህል ከፈለ የሚለው ላይ ነው። እኛ አሁን የምንከፍለው ለፍተሻ ነው። የከተማ ስም ተጽፎበት ስለመጣ ብቻ ውድ ዕቃ የሚገዛ ካለ ራሱ ይጠየቅ።

የጨረታውን ነገር በአጭሩ ላንሳ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። ከአሁን በኋላ ብዙ ጨረታ እንደምንሸነፍ እናውቃለን፣ ተሸንፈንም አይተናል። የግዢ ክፍል ባልደረቦቻችን እጃችሁ በመመሪያ የታሰረ መሆኑን አልስተውም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ዝርዝር ስታወጡ "ቫናስ መቀስ" ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ጫፉ በማይክሮስኮፕ ይፈተሽ፣ ናሙና ይቅረብ የሚል መስመር ጨምሩ። ያኔ በዋጋ የሚበልጠን ቢያሸንፍ እንኳ ቅር አይለንም። እሺ፣ ትንሽ ቅር ይለን ይሆናል።

አንድ ነገር በትክክል ይታወቅ። ቲቲ የምንለውን የትራኮማ መሣሪያ ስብስብ አልነካነውም። ለትራኮማ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና የሚሆነው ክላምፕ፣ የቢላ እጀታ፣ አርተሪ ፎርሴፕስ (የደም ሥር መቆንጠጫ)፣ ተለቅ ያለው ኒድል ሆልደር በድሮው ደረጃ ይቀጥላል። እዚያ ክሩም ወፍራም ነው፣ ሥራውም በማይክሮስኮፕ አይደለም፤ ደህና ብረት ይበቃዋል። ስፔኩለም (የዓይን ቆብ መክፈቻ) እና ካሊፐርም (መለኪያ) እንደዚያው። ስለዚህ "ሁሉንም አስወደዱት" የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ስለ ጥገናው ክፍል ብዙ ጠያቂ አለ። ይዘጋል ወይ? አይዘጋም። እሱ ከተዘጋ እኔም ቤቴ እገባለሁ። ጥገናውን የጀመረው አባቴ ነው። ፒያሳ ሰዓት ሠሪ ነበር። አንድ ቀን ጫፏ የተጣመመ ኮሊብሪ የምትባል ትንሽ ፎርሴፕስ አሳየሁት፤ እንዲሁ ለጨዋታ። መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ "ይቺ ከሰዓት አትብስም" አለና በትንሿ ጉጠት አቃናት። በማግሥቱ ለዶክተሩ ሰጠሁት፤ ልዩነቱን አላወቀም። ሱቁ የተከፈተው በዚያች ፎርሴፕስ ነው ማለት ይቻላል። የአባቴ መነጽር ዛሬም የጥገናው ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ልጆቹም ይሠሩበታል። ከእኛ የተገዛም ይሁን ከሌላ፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ ሊጠገን የሚችለውን እንጠግናለን። ሊጠገን የማይችለውን በግልጽ አይሆንም እንላለን።

ውዱን ገዝታችሁ ቶሎ ከሞተባችሁ ደግሞ ሌላ ፀብ ነው። ስለዚህ ይህን ለሲስተሮቹ አንብቡላቸው። ለጥገና ከሚመጣልን ውስጥ ብዙውን የጎዳው ቀዶ ሕክምና አይደለም። በረኪና ነው። 0.5 በመቶ ክሎሪን ባለው የበረኪና ውኃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይዘፍዘፍ የሚለውን አሠራር ሁላችንም ተምረነዋል። ችግሩ 10 ደቂቃው ሳይታወቅ ሌሊቱን መሆኑ ነው። ጠዋት መቀሱ ሲወጣ ስለቱ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ተፈጥረዋል። ዝገት የሚጀምረው ከእነሱ ነው። ኖርማል ሳላይንም ጠላት ነው፤ ጨው ነውና ብረት ይበላል። ከቀዶ ሕክምናው እንደወጣ በተጣራ ውኃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ጫፉን ቆብ አልብሱት። ማይክሮ መሣሪያን ከከባድ ብረት ጋር በአንድ ሳህን አትዝፈቁት።

ሲምኮ ካኑላን፣ ዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚገባበትንና የሚመጠጥበትን ቀጭን ቱቦ፣ ደግሞ ለነገ አትተዉት። ዓይን ውስጥ የምትጨምሩት ቪስኮኢላስቲክ የሚባለው ዝልግልግ ነገር ውስጡ ከደረቀ ቀዳዳውን ይደፍናል። ካልደፈነውም ባሰ፤ ቅሪቱ ከአውቶክሌቭ (ከእንፋሎት ማምከኛው) ተርፎ የሚቀጥለው ታካሚ ዓይን ውስጥ ገብቶ ሊያስቆጣው ይችላል። በስሪንጅ ውኃ ደጋግማችሁ አስወጡበት፣ በመጨረሻ አየር ንፉበት። ይህን ያህል ነው። አንዲት ሲስተር እንዲህ እያደረገች ከእኛ የገዛችውን ካኑላ እስከ ዛሬ ትሠራበታለች። ባየኋት ቁጥር ብሸልማት ደስ ይለኛል፣ ግን ዕቃ ስለማትገዛኝ አኩርፌባታለሁ።

ቲታኒየም ይሻላል ወይ ለምትሉ፦ ለፎርሴፕስና ለኒድል ሆልደር አዎ። ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ማግኔት አይሆንም። ለመቀስ ግን ብረቱን ምረጡ። ቲታኒየም ስለት ቶሎ ይደነዝዛል። ውዱን መሸጥ ብቻ ብፈልግ ይህን አልነግራችሁም ነበር።

ዋጋውን በተመለከተ የምችለውን አድርጌያለሁ። ለረጅም ጊዜ አብራችሁን ለቆያችሁ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች በሦስት ጊዜ ክፍያ መውሰድ ትችላላችሁ። ሙሉ የመሣሪያ ስብስብ በአንዴ መግዛት ያቃተው በመቀሱ ይጀምር፤ ሌላው ይደርሳል። አዲስ የገዛችሁት መሣሪያ የመጀመሪያው ስለት ማውጣት በነፃ ነው። ከዚህ በላይ ብሄድ ለልጆቹ ደሞዝ አይተርፈኝም። ከእነሱ ውስጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚህ ያደጉ አሉ፤ ጣታቸው አሁን እንደ አባቴ ጣት ሆኗል። እነሱን በትኜ ርካሽ መቀስ የሚቸረችር ሱቅ ልከፍት? አልችልም።

ወደ ሌላ ሱቅ የሄዳችሁም አላችሁ። አልቀየምም፤ ኑሮ ነው። ብቻ ከዚያ የገዛችሁትን መቀስ አንድ ቀን ይዛችሁ ብቅ በሉ። ማይክሮስኮፑ ሥር አብረን እናየዋለን፣ ሶፍቱንም እናንተው ቁረጡ። ደህና ከሆነ "ደህና ነው" እላለሁ፣ ቡናም እጋብዛለሁ። ካልሆነም ቡናው አይቀርም።

ከውሳኔው በፊት ፕሮፎርማ የወሰዳችሁ ደንበኞች፣ በፕሮፎርማው ላይ ባለው ዋጋ ውዱን እንሰጣችኋለን። ኪሳራው የእኛ ነው። ፕሮፎርማውን ይዛችሁ እስከዚህ ወር መጨረሻ ኑ። ለጥገና የምታመጡትን መሣሪያ ታጥቦና ስቴራይል ሆኖ፣ ከተቋማችሁ ደብዳቤ ጋር አድርጉልን። ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ክፍት ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት