ሳልጠየቅ ስለተገዛልኝ የ1,950 ዶላር የአደን ፈቃድ

ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአደን ማመልከቻና ጉዞ አገልግሎት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ከውሉ ውጭ ስለተሞላ የዋዮሚንግ የኤልክ አደን ማመልከቻ ቅሬታ ስለማቅረብ

እኔ የሚኒሶታ ነዋሪ ነኝ። እዚህ በሰሜን ምዕራቡ ጥግ ካለው ትንሽ መንጋ በስተቀር ኤልክ የለም፤ ይህን ትልቅ አጋዘን ማደን የሚፈልግ ሰው ወደ ምዕራብ ግዛቶች ማመልከት ግድ ይሆንበታል። ማመልከቱ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ኢዳሆ ከ2021 ጀምሮ (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለእንግዳ፣ ማለትም ከሌላ ግዛት ለሚመጣ አዳኝ የምትሸጠውን ፈቃድ በየአካባቢው ገድባለች። ኮሎራዶም ከ2025 ወዲህ በአብዛኛው ግዛቷ በቀስት ለሚያድን እንግዳ ያለ ዕጣ ፈቃድ መስጠት አቁማለች። ዋዮሚንግ በበኩሏ «ልዩ» የሚባለውን የኤልክ ፈቃድ በ2024 ከ1,268 ወደ 1,950 ዶላር አወጣችው። ለድርጅታችሁ የአገልግሎት ክፍያ የከፈልኩት በዚህ ሁሉ መካከል ነገሩን በአማርኛ የሚያስረዳኝና ስለ እኔ የሚጠነቀቅልኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ ነበር።

በእጄ ባለው የውል ቅጂ ላይ ሠራተኛችሁ በሰማያዊ ብዕር «መደበኛ፣ 692» ብሎ ጽፎ አክብቦታል። ከሥሩም «መሪ የማያስፈልግበት አካባቢ» የሚል አለ፤ መሪ ማለት አዳኙን እየመራ አብሮት የሚሄድ ባለሙያ ነው። ሁለቱም የእኔ ቃላት ናቸው፤ እሱ ሲጽፍ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። በአሠራራችሁ መሠረት ለግዛቲቱ ቀድማችሁ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ ዕጣው ሲወጣ ከእኔ ካርድ ላይ ትወስዳላችሁ። ግንቦት ላይ ሁለት መልእክት ተከታትሎ ስልኬ ውስጥ ገባ። አንዱ የእናንተ ነው፦ «እንኳን ደስ አለዎት! ዕጣው ወጥቶልዎታል።» ሌላው የባንኬ ሲሆን 1,965 ዶላር መቀነሱን ይናገራል። አሥራ አምስቱ የማመልከቻ ክፍያ ነው። የቀረው ያልጠየቅሁት ልዩ ፈቃድ ዋጋ ነው።

ፈቃዱ ልዩ ይባል እንጂ ልዩነቱ ዋጋው ላይ ነው። ወቅቱ ያው፣ አካባቢው ያው፣ አጋዘኑም ያው። ግዛቲቱ ለእንግዶች ከመደበችው 60 በመቶውን ለመደበኛው፣ 40 በመቶውን ለልዩው ትለያለች፤ ብዙ የሚከፍል ሰው ጥቂት ስለሆነ ተፈላጊ በሆነ አካባቢ ዕድል ሊሰፋ ይችላል። ሠራተኛችሁም በስልክ የመለሰልኝ «ዕድልዎን ለማስፋት ብለን ነው» ብሎ ነው። ይህ መልስ የሚያስኬደው ግን ዕድሉ ጠባብ ቢሆን ኖሮ ነበር። ግዛቲቱ በየዓመቱ ይፋ የምታደርገውን የዕጣ ውጤት ሠንጠረዥ አውጥቼ አየሁት። እናንተ በመረጣችሁልኝ አካባቢ ባለፈው ዓመት በመደበኛው ዋጋ የእኔን ያህል ነጥብ (በየዓመቱ እየተገዛ የሚጠራቀም የዕጣ ቅድሚያ) ይዘው ያመለከቱት ሁሉ ደርሷቸዋል። የእኔን ግማሽ የያዙትም እንዲሁ።

ለምን እንዲህ ቀለለ ብሎ የጠየቀ ሰው በቢሯችሁ አልነበረም። ካርታውን ስዘረጋው የአካባቢው አብዛኛው መሬት የቴተን ዱር በሚባለው፣ በፌዴራል ሕግ በተከለለ ስፍራ ውስጥ ነው። በዋዮሚንግ ሕግ ከሌላ ግዛት የመጣ አዳኝ በፌዴራል ሕግ በተከለለ ዱር ውስጥ ትልቅ አውሬ ለማደን፣ ፈቃድ ያለው መሪ ወይም ለዚሁ የተፈቀደለት የግዛቲቱ ነዋሪ አብሮት መሆን አለበት። ዓሣ አጥማጁና ፎቶ አንሺው በዚያው ዱር ብቻቸውን እንደ ልባቸው ይመላለሳሉ፤ መሬቱም የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ይህን ሕግ ማን እንደሚጠቀምበት ለመገመት ብዙ አያስቸግርም። ልምድ ያላቸው እንግዶች ይህን ስለሚያውቁ ብዙዎቹ እዚያ አያመለክቱም። እናንተ ግን ማንም የማይሻማበትን ፈቃድ በሽሚያ ዋጋ ገዛችሁልኝ።

ይህን ስናገር የተሰጠኝ መፍትሔ «መሪ እናገናኝዎታለን» የሚል ነበር። የመሪውን ዋጋ ስሰማ ፈቃዱ ርካሽ መሰለኝ። ከመሪው ኮሚሽን ትቀበሉ እንደሆነ ጠይቄ እስካሁን መልስ የሰጠኝ የለም።

ከገንዘቡ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ነጥቡ ነው። በዋዮሚንግ ለእንግዳ ከሚወጣው የኤልክ ዕጣ 75 በመቶው የሚሰጠው በነጥብ ብዛት ቅደም ተከተል ነው። ነጥብ በየዓመቱ በ52 ዶላር ይገዛል፤ በመጀመሪያ ምርጫው ዕጣ የወጣለት ሰው ደግሞ ያጠራቀመው ሁሉ ዜሮ ይሆናል። ለዓመታት የገዛሁት ነጥብ ብቻዬን ልገባበት በማልችል ዱር ላይ ተቃጠለ። እንደገና ብጀምር ከፊቴ የተሰለፉት አይቆሙልኝም፤ እነሱም በየዓመቱ ይገዛሉ።

ስለ ዋጋው መወደድ እናንተን አልከስም። የዋዮሚንግ ነዋሪ ለዚያው አጋዘን 57 ዶላር መክፈሉ ያናድደኛል፤ ነገር ግን ክርክሩ በ1978 በጠቅላይ ፍርድ ቤት በሞንታና ጉዳይ አልቋል። ያኔ የሞንታና ነዋሪ ለኤልክ 9 ዶላር ሲከፍል እንግዳው 225 ይከፍል ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ይህ አደን መዝናኛ ነው፣ የመሠረታዊ መብት ጉዳይ አይደለም ብሎ ለግዛቲቱ ፈረደ። በ2005 የአሜሪካ ምክር ቤት ግዛቶች በነዋሪና በእንግዳ አዳኝ መካከል የመለየት ሥልጣናቸውን በሕግ አጸናላቸው። ሕጉ ለእንግዳ አይራራም። እናንተን የቀጠርኩት ለዚሁ ነበር።

ስለዚህ በመደበኛውና በልዩው መካከል ያለው የ1,258 ዶላር ልዩነት፣ የዘንድሮ የአገልግሎት ክፍያዬና ለጠፋው ነጥብ በየዓመቱ በእናንተ በኩል የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። በስሜ የተከፈተውን የማመልከቻ አካውንት መግቢያ ቃልም አስረክቡኝ፤ ከእንግዲህ የምሞላው ራሴ ነኝ። ኮሚሽኑን በሚመለከት ለጠየቅሁትም መልሱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ።

እስከ ሰኔ 20 ካልመለሳችሁልኝ አቤቱታዬን ለሚኒሶታ ዋና ዓቃቤ ሕግ ቢሮ አቀርባለሁ። የውሉን ቅጂ፣ የባንክ መግለጫዬንና የዕጣ ሠንጠረዡን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከሚኒሶታ