የሴቶች የአበባ ልማት ድጋፍ ከአጭር ሥልጠና ይሻገር

ለአዘጋጁ፦

በአትክልት፣ ፍራፍሬና አበባ ልማት ለተሰማሩ ሴቶች ስለሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ያወጣችሁት ጽሑፍ ውጤቱን የለካው በሠልጣኞች ቁጥር ነው። መለካት ያለበት ግን ከሥልጠናው በኋላ የደረሱበት የሥራ ደረጃ ነው።

ከባቱ እስከ ሆለታ ባሉት የአበባ እርሻዎች አብዛኛው ሠራተኛ ሴት ነው። ጽጌረዳውን የምትቆርጠው፣ በዘንጉ ርዝመት የምትለየውና የምታሽገው እሷ ናት። የመስኖው፣ የማዳበሪያ ቅመራውና የተባይ ቁጥጥሩ ኃላፊነት በአመዛኙ የወንዶች ነው። ይህን ክፍተት የጥቂት ቀናት ዐውደ ጥናት አይሞላውም፤ ቲሸርትና ቦርሳ ቢታደልበትም። ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ያስፈልጋል። በደመወዟ ልጆች የምታሳድግ ሴት ደግሞ የትምህርት ክፍያው ቢሸፈንላት እንኳ ገቢዋ ከተቋረጠ መማር አትችልም።

የወሊድም ጉዳይ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር 120 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የትምህርት ድጋፍ ውል ተመሳሳይ አንቀጽ ከሌለው የወለደች ተማሪ ዕድሏ ያመልጣታል።

ስለዚህ ለጋሾችና የእርሻ ባለቤቶች ወጪውን ተጋርተው ተማሪዋ የምታጣውን ደመወዝ ይተኩላት፤ የሥራ መደቧ እንደሚጠበቅላትና ከወሊድ በኋላ ካቆመችበት እንደምትቀጥልም በውሉ ይስፈር።

አንድ አንባቢ፣ ከቢሾፍቱ