ሰባት መቶዎቹስ?

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እማማስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ተጠፋፍተን ቆየን፤ ዛሬ ግን ካንተ ጋር ካልተከራከርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለዚያ ስለ ሊዮኒዳስህ፣ ስፓርታ ስለምትባለው የግሪክ ከተማ ንጉሥ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 የፋርሱ ንጉሥ ዜርክሲስ ግሪክን ሊይዝ ሲመጣ፣ ቴርሞፒሌ በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ 300 ስፓርታውያን ይዞ ጠበቀው እያልክ ስንቴ አወራኸኝ! እውነትህን ነው፣ ጠብቆታል። ግን ሲጀመር 7,000 ያህል ግሪኮች ነበሩ። ቦታውም አግዟቸዋል። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ባሕር፤ የፋርስ ጦር ብዛቱ ምን ይሠራለታል? ሁለት ቀን ሙሉ ንቅንቅ የለም።

በነገራችን ላይ፣ የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በዜርክሲስ ጦር ውስጥ ኢትዮጵያውያንንም ይቆጥራል። የነብርና የአንበሳ ለምድ ለብሰው፣ ለውጊያ ሲወጡ ግማሽ ገላቸውን ኖራ፣ ግማሹን ቀይ ቀለም ይቀባሉ ይላል። እሱ ኢትዮጵያ የሚለው ከግብፅ ወደ ደቡብ ያለውን አገር ነውና ዘመድ ልቁጠር ብለህ እንዳትነሳ።

ኋላ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ሆነ። ኤፊያልቴስ የሚባል የዚያው አካባቢ ሰው ሽልማት ፈልጎ ፋርሶችን በሌሊት በተራራው በኩል መራቸው። ሊከበቡ መሆኑ ሲታወቅ ሊዮኒዳስ አብዛኛውን ጦር አሰናብቶ ከስፓርታውያኑ ጋር ቀረ።

የኔ ነገር እዚህ ጋ ነው። ቴስፒያ ከምትባል የግሪክ ከተማ የመጡ 700 ሰዎች አንሄድም አሉ። አለቃቸው ዴሞፊሎስ ይባላል፤ ስሙን ሰምተህ ታውቃለህ? ስፓርታውያን ከልጅነታቸው ለጦር ያደጉ ናቸው፣ ንጉሣቸውም አብሯቸው አለ፤ ቢቀሩ አይገርመኝም። ቴስፒያ ግን ትንሽ ከተማ ነች። ያን ሁሉ ወንድ ስታጣ ለቅሶ ያልገባበት ቤት የተረፈ አይመስለኝም። አብረው ከቀሩት፣ ቴብስ ከምትባል ሌላ የግሪክ ከተማ ከመጡ 400 ሰዎች እጅ የሰጡ አሉ፤ እነዚህ ግን እዚያው አለቁ። ዜርክሲስም አልፎ ሄዶ ከተማቸውን አቃጠለው። በዓመቱ ግሪኮች ፕላታያ በሚባል ቦታ ከፋርሶች ጋር ደግመው ሲገጥሙ፣ ከቴስፒያ የተረፉት 1,800 ሰዎች ደህና ትጥቅ እንኳ ሳይኖራቸው ለውጊያ ተሰለፉ። እስቲ አሁን ምን ትላለህ?

ለሊዮኒዳስ ቴርሞፒሌ ላይ በ1955 እ.ኤ.አ. ሐውልት ቆመለት። ለቴስፒያውያኑ የቆመው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

በል ተራው ያንተ ነው፣ ተከላከል። እማማን ሳምልኝ።

ያው ወንድምህ