የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለልጆቹ ይመለስ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ይጻፋል፤ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፈተና ውጤትና ስለ መጽሐፍ እጥረት ነው። እኔ ላነሣ የፈለግሁት ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረውን የሥዕል ክፍለ ጊዜ ነው። የምኖረው ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ሲሆን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አለችኝ።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና እይታ ጥበባት» የሚባል ራሱን የቻለ ትምህርት አለ። ቀደም ሲል በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሥዕልና ሙዚቃ ከሰውነት ማጎልመሻ ጋር ተዳብለው ስለነበር ለብቻው መውጣቱ አስደስቶኛል። ክፍል ውስጥ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ፈተና ሲቃረብ የሥዕሉ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ክለሳ ይሰጣል፤ ፈተናው ካለፈም በኋላ አይመለስም። ትምህርቱ በሚሰጥበት ቀንም ልጆቹ ሰሌዳ ላይ የተሣለውን ይገለብጣሉ። የቤት ሥራ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ይሥለዋል፤ ለማስታወቂያ ጸሐፊ ከፍሎ የሚያሠራ ወላጅም አውቃለሁ። በማግስቱ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ይኸው የአዋቂ እጅ ሥራ ነው። በራሱ እጅ የሠራው ልጅ ሥዕሉ «ቆሻሻ» ተብሎ ይመለስለታል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ባለፈው ወር ልጆቹ አንድ ቤት እንዲሥሉ ታዘዙ። ሰሌዳው ላይ የነበረው ምሳሌ ጣሪያው ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ከጎኑ አንድ ዛፍ ያለው፣ ሁላችንም የምናውቀው ቤት ነው። ልጄ ግን ጀጎል ውስጥ የሚኖሩትን የጓደኛዋን ወላጆች ቤት ሣለች። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው። ከፊት ያለውን ግድግዳ ትታ ውስጡን ወለል አድርጋ አሳይታዋለች። ነደባ የሚባሉትን አምስት መደቦች አንዱን ከአንዱ ከፍ አድርጋ ደርድራ ቀይ ቀብታቸዋለች። ከላያቸው፣ ግድግዳው ላይ፣ የተሰቀሉት ስፌቶች ክብ ክብ ሆነው ይታያሉ፤ አንደኛው ከሰዎቹ ሁሉ ይበልጣል። የጓደኛዋ እናት በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ጣቶቻቸው አንድ ሳይጎድል አምስት አምስት ናቸው። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው «ግድግዳ የለውም፤ እንደ ሰሌዳው ሥሪ» የሚል ነበር። ከአሥር አራት አገኘች።

የልጆችን ሥዕል ያጠኑ ሰዎች በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚሥለው ዓይኑ ከአንድ አቅጣጫ የሚያየውን ሳይሆን ስለ ነገሩ የሚያውቀውን መሆኑን ከተናገሩ ቆይተዋል። ቤቱ ውስጥም ውጭም እንዳለው ስለሚያውቅ ሁለቱን በአንድ ላይ ያወጣቸዋል። ለእሱ ትልቅ የሆነውን ነገር ያተልቀዋል። ሰማዩን ከወረቀቱ አናት ላይ እንደ ሰማያዊ መቀነት ያሰምረዋል፤ ሰዎቹን ሁሉ ታች አንድ መስመር ላይ ያቆማቸዋል። ይህ የዕድሜው አስተሳሰብ ነው እንጂ ስሕተት አይደለም፤ ሩቅና ቅርቡን ለይቶ መሣል ዕድሜው ሲደርስ የሚመጣ ነው። የልጄ ወረቀት ግድግዳ ባይኖረውም ያች ልጅ ያን ቤት ምን ያህል አስተውላ እንዳየችው ይመሰክራል። አምስቱን መደብ ማን ቁጠሪ አላት?

መምህሯን ለመውቀስ አልጻፍሁም። በብዙ ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ይይዛል። ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ ነው፤ ሥዕልን እንዴት እንደሚያስተምሩ ያሳያቸው ሰው የለም፤ ወላጁም ስብሰባ ላይ የሚጠይቃቸው የሒሳብና የእንግሊዝኛ ውጤት ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ምሳሌ ሥሎ «ገልብጡ» ማለት ለማረምም ይቀላል።

ነገር ግን እኛ የምንኖረው ሐረር ነው። ግንቡ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል፤ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሩቅ አገር ሰው ካሜራ ይዞ እየመጣ የሚያደንቀውን የግንቡን በር የእኛ ልጆች ደብተር ይዘው በሥሩ ያልፋሉ፤ ቁጭ ብሎ ለመሣል ግን አንድም ክፍለ ጊዜ አልተሰጣቸውም። የፈላና በርንና የአስማዲን በርን ልዩነት በእርሳስ ለማውጣት የሞከረ ልጅ የከተማውን ታሪክ ሲማር ስለ ምን እንደሚነገረው ያውቃል።

ስፌቱንም እንመልከት። ሰፊዋ ከመሃል ትነሣለች፤ የሣሩን ጥቅል እያዞረች፣ በወስፌ እየወጋች፣ በቀለም በተነከረ አለላ ታስረዋለች። ዙሩ በሰፋ ቁጥር የሚያስፈልገው ስፌት ይጨምራል። ስምንት እኩል ጌጥ እንዲወጣላት ከፈለገች ዙሩን ለስምንት እኩል መክፈል አለባት፤ ቆጠራውን ከሳተች መጨረሻው ላይ ጌጡ አይገጥምም። ይህ ማካፈል ነው፤ ክፍልፋይ ነው፤ የክብ ትምህርት ነው። የሐረሪ ልጃገረዶች ቀድሞ «ሞይ ጋር» በሚባለው፣ በአንዲት ባለሙያ ሴት ቤት ተሰብስበው ይህን ሙያ ይማሩ ነበር። ዛሬ በሒሳብ ክለሳ ስም የተወሰደው ክፍለ ጊዜ ቢመለስና አንዲት ሰፊ እናት ክፍል ድረስ ተጋብዘው ቢመጡ፣ ሒሳቡ ራሱ ከሰሌዳው በተሻለ ይገባ ነበር። እንዲህ ያሉ እናቶች በየሠፈሩ አሉ፤ የጠየቃቸው ሰው ግን የለም።

ገንዘብ የለም የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ እገምታለሁ። የውጭ አገር ቀለም ግዙ አላልሁም። ከሰል አለ፤ ጠመኔ አለ፤ ቀይ አፈር አለ፤ ከሱቅ የሚጣል ካርቶን አለ። የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም እዚሁ ጀጎል ውስጥ ነው፤ ከብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በእግር ይደረሳል። የጎደለው ጊዜና ፈቃድ ነው።

የክልላችን ትምህርት ቢሮ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የክፍለ ጊዜ ድልድል ላይ የሥዕሉ ሰዓት ለሌላ ትምህርት እንዳይሰጥ ለየትምህርት ቤቱ እንዲያሳውቅ እጠይቃለሁ። ሥዕል የቤት ሥራ መሆኑ ቀርቶ ልጆቹ በራሳቸው እጅ ክፍል ውስጥ ይሥሩት፤ ነጥብም የሚሰጠው ሰሌዳውን በመምሰሉ አይሁን። መምህራኑም ከሥነ ጥበብ ባለሙያ ጋር ተቀምጠው የልጅ ሥዕል እንዴት እንደሚታይ የሚወያዩበት አጭር ሥልጠና ይዘጋጅላቸው። ወላጆችም በሚቀጥለው የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ የልጆቻችንን የሥዕል ደብተር አብረን እንድንጠይቅ አደራ እላለሁ። እኔ የልጄን ቤት ይዤ እመጣለሁ።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት
ከሐረር