የመጣልኝን ሥራ ያልተቀበልሁበት ምክንያት

ጎንደር፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእማማ ጉልበትስ የአምባ ጊዮርጊስን ብርድ እንዴት ቻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዓይንዎ ስለደከመ ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ወንድሜ መሆኑን ዐውቃለሁና አንድም ቃል ሳይዘል፣ ቀስ ብሎ እንዲያነብልዎ አደራ ብዬዋለሁ።

ባለፈው እሑድ በስልክ «የመጣልሽን እንጀራ በእግርሽ አትግፊ» ያሉኝ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ያን ጊዜ ዝም ያልሁት በእርስዎ ላይ ድምፄ ከፍ እንዳይል ፈርቼ ነው እንጂ ቃልዎን ንቄ አይደለም። አምስቱን ዓመት ፋርማሲ ስማር የላኩልኝ ገንዘብ ከስንት ጭነት ገብስ እንደተገኘ የማውቅ ልጅ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፌ ሥራም ተገኝቶልኝ እምቢ ማለቴ ለእርስዎ ጥጋብ ቢመስል አልፈርድም። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ከነምክንያቱ እንዲሰሙኝ እለምንዎታለሁ።

ሥራው በአንድ የግል መድኃኒት ቤት ነበር። ደመወዙ ለጀማሪ ጥሩ የሚባል ነው፤ ከምኖርበት ከማራኪም በእግር የሚደረስበት ነው። ለሙከራ በቆምሁበት በመጀመሪያው ቀን ግን ባለቤቱ የሐኪም ማዘዣ ሳይዝ መጥቶ አንቲባዮቲክ የሚጠይቀውን ሰው ባዶ እጁን እንዳልመልስ፣ እኛ ባንሰጠው ጎረቤት እንደሚሰጠው ነገሩኝ። በማግሥቱ አንዲት እናት ጉንፋን ለያዘው ልጇ አሞክሳሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ጠየቀችኝና ሰጠኋት። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ እንደሆነና አንቲባዮቲክ በቫይረስ ላይ አንዳች ኃይል እንደሌለው፣ ያለቦታው በተወሰደ ቁጥርም ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን እየለመዱት ሄደው ልጁ በእውነት በሚታመምበት ቀን ላያድነው እንደሚችል እያወቅሁ ሰጠኋት። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ሲነጋም ሄጄ ሥራውን እንደማልቀጥል ተናገርሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ስለ ሥራ ፍለጋ ያስተማሩን አንድ መምህር «ከሁሉ በፊት እሴቶቻችሁን ጻፉ» ሲሉን ሁላችንም ሐቀኝነት፣ ታታሪነት፣ ሰው አክባሪነት ብለን ወረቀቱን ሞላን። የሁላችንም ወረቀት አንድ ዓይነት ስለነበረ ስለ ማናችንም የሚናገረው ነገር አልነበረውም። አሁን እንደሚመስለኝ የሰው እሴት የሚታወቀው በሚያምር ቃሉ ሳይሆን ዋጋ ሲያስከፍለው ነውና እኔም ከዚያ ሌሊት በኋላ ጥያቄውን በሌላ መልክ ለራሴ አቀረብሁት፤ ምን ባደርግ እንቅልፍ አጣለሁ? ምንስ ቢቀርብኝ እችለዋለሁ? ደመወዙ ቢቀርብኝ ቻልሁት፤ ያችን እናት ግን አልቻልኋትም።

መምህሩ ሻሎም ሽዋርትዝ ስለተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪም ነግረውን ነበር። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት የሰውን ልጅ መሠረታዊ እሴቶች በ10 ከፍለው በክብ አስቀምጠዋቸዋል፤ ጎን ለጎን ያሉት ሲስማሙ ትይዩ የቆሙት ይጋጫሉ፤ ለምሳሌ ዋስትናን መሻት በራስ አሳብ ከመመራት ጋር ይፋጠጣል። በእርስዎና በእኔ መካከል ያለው ልዩነትም በዚህ በኩል ሳየው ቀለለኝ። እርስዎ ዋስትናን የሚያስቀድሙት ክፉ ዘመን ስላዩና ልጅዎ እንዳትቸገር ስለሚሹ ነው። እኔም ዋስትናን እፈልጋለሁ፤ በእኔ ዘንድ ሦስተኛ ሆነ እንጂ ከዝርዝሩ አልወጣም።

ጥንካሬን ማወቅ ግን ከዚህም የከበደ ሆኖብኛል። በመጀመሪያው የቃል ፈተናዬ «ጠንካራ ጎንሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ታታሪ ነኝ፣ ከሰው ጋር ተግባብቼ እሠራለሁ» አልሁ፤ ከሦስቱ ፈታኞች አንዱም ብዕሩን አላነሣም። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ፣ ማንም ሳያዝዘኝ ያደረግሁትንና ሠርቼው ያልደከመኝን ነገር ሁሉ በደብተር መጻፍ ጀመርሁ። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው በተግባር ልምምዴ ጊዜ በመድኃኒት መጋዘን የገጠመኝ ነው። የየመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ 120 ብልቃጥ ሴፍትሪያክሶን የተባለ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት አለ ሲል መደርደሪያው ላይ ያገኘሁት 96 ነበር። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እኔ ቀርቼ ገቢውን ከገቢ ደረሰኙ ከሞዴል 19፣ ወጪውን ከወጪ ደረሰኙ ከሞዴል 22 ጋር አንድ በአንድ አመሳከርሁና፣ የጎደለው 24 ብልቃጥ ሌሊት በጥድፊያ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወጥቶ ሞዴል ሳይቆረጥለት መቅረቱን በክፍሉ መዝገብ አረጋገጥሁ። ረኀቡም ድካሙም አልተሰማኝም ነበር። በአንጻሩ መስኮት ላይ ቆሜ ረጅም ሰልፍ ሳስተናግድ፣ ሥራውን በደንብ ብሠራውም፣ ማታ ቃል ከአፌ እስከማይወጣ ድረስ እዝላለሁ። መቻልና መበርታት የተለያዩ መሆናቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ይህንንም ማንም ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ እያልሁ እቆጫለሁ።

አሁን አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ለመድኃኒት መጋዘን 0 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው ፋርማሲስት እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አውጥቶ ተመዝግቤያለሁ፤ የጽሑፍ ፈተናው በሚመጣው ማክሰኞ ነው። ደመወዙ ካለፈው ያንሳል። እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ ሁለት ልጆች እያስጠናሁ የቤት ኪራይ ድርሻዬን ስለምከፍል ገንዘብ እንዳይልኩልኝ፤ ለእማማ መድኃኒት ይሁን።

አንድ ነገር ግን ከእርስዎ እፈልጋለሁ። ሰው የራሱን ጥንካሬ ስለለመደው አያየውምና ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቁትን መጠየቅ ይገባዋል ብለውናል፣ እኒያው መምህር። ሁለት ጓደኞቼንና የልምምድ አለቃዬን ጠይቄአለሁ፤ የቀሩኝ እርስዎ ነዎት። እህሉ ከአውድማ ወደ ጎተራ ሲገባ በየዓመቱ ቁናውን የምቆጥር እኔ ነበርሁ። ያን ሥራ ለእኔ የሰጡኝ ከልጆችዎ መካከል መርጠው ነበር፣ ወይስ ሌሎቹ ከብት ሲያግዱ እኔ ቤት ስለምውል ብቻ? እንዳይከፋኝ ብለው ሳያስተካክሉት፣ እንደነበረ ይንገሩኝ። መልሱን ወንድሜ ይጻፍልኝና ቅዳሜ ወደ ጎንደር ከሚመጣ ሰው ጋር ይላኩልኝ።

ምርቃትዎ አይለየኝ።

አክባሪ ልጅዎ