«ወረደ» እና «አወረድኩ»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከሁለት ሳምንት በፊት ያወጣችሁትን የአንድ አስተያየት ሰጪ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በፖሊስ ተይዘው «ቃሌን አልሰጥም» ስለሚሉ ሰዎች ነው የጻፉት። «ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል? ዝም ያለ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው» ይላሉ። ክፉ አሳቢ እንዳልሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። እኔም እንደ እርሳቸው አስብ ነበር። ከማሰብም አልፌ ለገዛ እህቴ ልጅ በአፌ ነግሬዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ደሴ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። 21 ዓመት ሆነኝ። በጽሕፈት መኪና ጀመርኩ፤ አሁን በኮምፒውተር ነው። የዋስትና ጥያቄ፣ ይግባኝ፣ የቀለብ አቤቱታ፣ የመሬት ክርክር፣ ያልጻፍኩት የለም። ሕግ በትምህርት ቤት አልተማርኩም። አንቀጾቹን ግን ከመደጋገም ብዛት በቃሌ ይዣቸዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደሴ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። ያኔ 19 ዓመቱ ነው። አንድ ነጋዴ ለደሴ ደንበኛው የላከው ጨርቅ የታሰረበት ጆንያ መንገድ ላይ ጠፋ። ማታውኑ ልጁ ተያዘ።

ስንቅ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ እህቴ መቆም አቅቷት ነበር። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ እንደ ደንቡ «ቅመስ» አለኝ። እንጀራውንም ሽሮውንም ቀመስኩ። ልጁን በአጥሩ ቀዳዳ ሁለት ደቂቃ ያህል አየሁት። «አጎቴ፣ ቃልህን ስጥ እያሉኝ ነው። ምን ላድርግ?» አለኝ። «ስጣ! ምን አድርገህ ነው የምትፈራው? የምታውቀውን ንገራቸውና ውጣ» አልኩት። ስንቱን ሰው መብትህ ይህ ነው ስል የኖርኩ ሰው፣ የራሴ ልጅ ሲጠይቀኝ የሰጠሁት ምክር ይኸው ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጁም ያየውን ተናገረ። ሐረጎ ላይ ሁለት ሰዎች ወረዱ። ጆንያው ከኋላ ወንበር ሥር ነበር፤ አብሯቸው ወረደ። እሱ ሒሳብ እየሰበሰበ ስለነበር ዕቃው የእነሱ መሰለው። ይኸው ነው።

ከወራት በኋላ የክሱ ወረቀት ከነአባሪው ሲደርሰን ቃሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ አነበብኩት። «ጆንያውን ሐረጎ ላይ አወረድኩ» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ልጁ ያለው «ወረደ» ነው። ወረቀቱ የያዘው «አወረድኩ» ነው። ከፊት አንዲት «አ»፣ ከኋላ አንዲት «ኩ»። ምስክር የነበረው ልጅ በዚህች ብቻ ሌባ ሆነ።

መርማሪው ሆን ብሎ ይሁን ደክሞት አላውቅም። ሳላውቅ ልወነጅለውም አልፈልግም። ሌሊት ነበር። ልጁም ሲጠየቅ ነው ያመሸው። «አንብበው» ያለው የለም፤ እሱም «አንብቡልኝ» አላለም። «እዚህ ጋ ፈርም» ሲሉት ፈረመ። ፊርማው እንኳ ተጣሞ ከመስመሩ በታች ወርዷል።

የቀረውን ባጭሩ ልጨርሰው። ሕጉ እንደሚለው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀረበ። ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ስላለ የ14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ ተሰጠ። ከዚያ ደሞዝተኛ ጎረቤታችን ዋስ ሆኖት ወጣ። ክርክሩ 7 ወር ፈጀ። ሾፌሩ መጥቶ መሰከረ። ነጋዴው ራሱ ማን እንደወሰደው አላየሁም አለ። ፍርድ ቤቱም መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ አሰናበተው። እህቴ እዚያው ችሎት ውስጥ እልል ልትል ስትል አፏን በእጄ ያዝኩት።

ሥራው ግን አልጠበቀውም፤ የመኪናው ባለቤት ሌላ ረዳት ቀጥሯል። ሰፈር ውስጥም «ባያደርግ አይፈርምም ነበር» የሚል አልጠፋም።

እንግዲህ ወደ ጸሐፊው ነገር ልመለስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት አለው ይላል። የሚናገረው ማንኛውም ቃል ፍርድ ቤት ሊቀርብበት እንደሚችልም ወዲያው እንደተያዘ፣ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም። አንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ ጥፋተኛ ነው እስኪባል እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር፣ በራሱ ክስም ምስክር ሆኖ እንዲቀርብ እንዳይገደድ ይላል። ይህ ደግሞ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን የወጣው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 ይህንኑ ብሏል። የተያዘው ሰው እንዲመልስ አይገደድም። ቋንቋው ካልገባው አስተርጓሚ ይቀርብለታል። ኦሮምኛ ለሚናገረው ለባቲና ለከሚሴ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የእምነት ቃል በዳኛ ፊት እንዲመዘገብ ሲፈለግም፣ በአንቀጽ 35 ዳኛው መጀመሪያ ሰውየውን ጠይቆ በፈቃዱ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ሕጉ ይህን ሁሉ የሚጨነቀው ለሌባ አዝኖ አይመስለኝም። ጣቢያ ውስጥ በሌሊት የሚጻፍ ወረቀት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው።

ጠበቃስ? የሚል አለ። በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት የተጻፈው አንቀጽ 20 ላይ፣ ለተከሳሽ ነው። ቃል የሚሰጠው ደግሞ ከክሱ በፊት ነው። እርግጥ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 61 የታሰረ ሰው ጠበቃውን ጠርቶ እንዲያነጋግር ይፈቅዳል። የሚኒባስ ረዳት ግን በዚያ ሌሊት ማንን ይጠራል? ተከላካይ ጠበቃው ሲደርስ «አወረድኩ» ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ዝምታን ለምን እንደምንጠረጥር ሳስብ አያቴ ያጫወቱኝ ትዝ ይለኛል። ድሮ ነገር ሲጠፋ አውጫጭኝ ይባላል። የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ አጥፊው እስኪወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ሌባሻይም ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በሙግቱም አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል። ከዚህ ሁሉ ወጥተን ነው እዚህ የደረስነው። የተናገረ ይታመናል፣ ዝም ያለ ይጠረጠራል የሚለው ስሜት ግን በደማችን ቀርቷል። እነዚያው አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ማለታቸውን ረስተነዋል።

ነጋዴው ተበድሏል፤ ይህን አልክድም። ጨርቁ ዕዳ ያለበት ነበር አሉ። ግን ማን ነው የበደለው? ሐረጎ ላይ የወረዱትን ሁለት ሰዎች ማንም ፈልጓቸው አያውቅም። ለምን ይፈለጋሉ? «አወረድኩ» ያለ ሰው ተገኝቷላ! ያ ወረቀት ልጁን ጎዳው፤ እነዚያን ግን ሸፈናቸው። ንጹሑ እንዲናገር ስንገፋፋ አጥፊው በሰላም ቤቱ ይገባል። ጸሐፊው ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ሁለት ነገር እለምናለሁ። በየጣቢያው ቃል ከመስጠት በፊት «ያለመናገር መብት አለህ» የሚለው ጮክ ተብሎ ይነበብ። ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ቃሉ ለሰጪው ይነበብለት፤ ያልመሰለው ይስተካከል፤ ከዚያ ይፈርም። በጀት አይጠይቅም። አምስት ደቂቃ ነው። ጋዜጣችሁም በዚህ ጉዳይ የሕግ ሰው ጋብዛችሁ ብታስጽፉ፣ ስንቅ ይዞ በየአጥሩ ለሚቆመው ቤተሰብ ትልቅ ውለታ ነው። እኔ የዚያን ቀን «ዝም በል፣ ጠበቃ እስክናገኝልህ ታገስ» ብዬው ቢሆን ኖሮ እላለሁ፤ ሁልጊዜ እላለሁ።

ልጁ አሁን ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሙያ እየለመደ ነው። ደሞዝ ሲቀበል ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ አንብቦ ነው የሚፈርመው። ባልደረቦቹ ይስቁበታል፤ እሱ ግን አይፈርድባቸውም።

ጸሐፊው ደሴ ብቅ ካሉ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያገኙኛል። የዚያ ቃል ኮፒ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ቡና አዝዤ፣ ያችን «አ» በጣቴ አሳያቸዋለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ከደሴ